ለባዮኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሕዋስ መስበሪያ መሣሪያ አመራረጥ

ፕሮቲን፣ ኢንዛይም ወይም ዲኤንኤ ከሕዋስ ለማውጣት የታሰበ ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ሕዋሱን ከመስበር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ማጥራት፣ በኮለም (በማጣሪያ ቁስ በተሞላ ቱቦ) መለየትና በጄል (ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለይ ንጣፍ) ማየት፣ በዚህ የመጀመሪያ እርምጃ ከጉዳት የተረፈውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ለሴንትሪፉጅና ለስፔክትሮፎቶሜትር ወራት ፈጅቶ የሚመክር ቤተ ሙከራ የሕዋስ መስበሪያውን በአንድ ከሰዓት ሲወስን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመግዛት ላሰቡ የቤተ ሙከራ ኃላፊዎች፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የግዥ መስፈርት እንዲጽፉ ለታዘዙ ባለሙያዎች ነው። በእኔ እምነት ምርጫውን መወሰን ያለበት፣ ሕዋሱ ከተሰበረ በኋላ የሚፈለገው ነገር በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሡ ናቸው።

1. ከሕዋሱ የሚፈልጉትን ነገር አስቀድመው ይጻፉ

ካታሎግ ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ ይመልሱ፤ የሚፈለገው ምንድን ነው፣ በየትኛው የሕዋሱ ክፍል ይገኛል፣ ከወጣ በኋላስ ሥራውን መሥራት አለበት ወይስ መገኘቱ ብቻ ይበቃል? በጄል ላይ ለማየት ብቻ የሚፈለግ ፕሮቲን ቅርጹን ቢያጣ ጉዳት የለውም፤ የባክቴሪያ ሕዋሱን ኤስዲኤስ (ፕሮቲንን የሚዘረጋ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ባለበት የናሙና ባፈር (ፒኤችን የሚያጸና ፈሳሽ) ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ማፍላት ይበቃል፣ ማሽንም አያስፈልግም። የኢንዛይም ሥራ የሚለካ ከሆነ ግን ሙቀት፣ አረፋና ከተሰበረው ሕዋስ አብረው የሚለቀቁት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ሁሉ ጠላት ይሆናሉ። ሚቶኮንድሪያን ወይም ኒውክለስን ሙሉ አድርጎ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኃይለኛ ማሽን በገዛ ቁጥር ከዓላማው ይርቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ግዥውን ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል። ኢ ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ የተመረተው ፕሮቲን የሚገኘው በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ባለው ክፍተት፣ ማለትም በፔሪፕላዝም ከሆነ፣ ሕዋሱን 20 በመቶ ሱክሮዝና ኢዲቲኤ (እንደ ማግኒዥየም ያሉ ብረቶችን የሚይዝ ኬሚካል) ባለበት ባፈር ውስጥ ካቆዩት በኋላ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ በመለወጥ ውጫዊውን ሽፋን ብቻ መክፈት ይቻላል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ናሙና ሕዋሱ በሙሉ ቢሰበር ከሚገኘው እጅግ የጠራ ስለሚሆን፣ ቀጣዩ የማጣራት ሥራም ይቀላል።

2. የሕዋሱን ግድግዳ ይወቁ

የእንስሳት ሕዋስ ግድግዳ የለውም፤ ቀጭን ሽፋን ብቻ ስለሆነ በትንሽ ኃይል ይከፈታል። እንደ ኢ ኮላይ ያሉ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ስስ የፔፕቲዶግላይካን (ከስኳርና ከአጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች የተሠራ መረብ) ግድግዳና በላዩ ላይ ተጨማሪ ሽፋን አላቸው። እንደ ባሲለስና ስታፊሎኮከስ ያሉት ግራም ፖዘቲቮች ግን ከ20 እስከ 80 ናኖ ሜትር የሚደርስ ወፍራም የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ ስላላቸው በቀላሉ አይበገሩም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና ዘመዶቹ (ማይኮባክቴሪያ) በዚህ ላይ ሰም መሰል የማይኮሊክ አሲድ ንብርብር ይጨምራሉ። እርሾ በግሉካን፣ በማኖፕሮቲንና በጥቂት ካይቲን የተገነባ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ የዕፅዋት ሕዋስ ደግሞ ሴሉሎስ አለው፣ በዚያ ላይ ሲፈጭ የሚለቀቀው ፌኖል ፕሮቲኑን ያጠቁረዋል። የቡና ቅጠል ፈጭቶ የሚያውቅ ሰው ጭማቂው በደቂቃዎች ውስጥ እንዴት እንደሚጠቁር አይቷል። ለዚህ ችግር መፍትሔው ያለው በባፈሩ ውስጥ ነው፤ ፌኖሉን የሚይዘው ፒቪፒፒ እና መጥቆሩን የሚከላከለው ሜርካፕቶኢታኖል ሳይጨመሩ የትኛውም ማሽን አያድነውም።

በቤተ ሙከራዎ የሚሠራባቸውን ሕዋሳት ሁሉ ይዘርዝሩና በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እያንዳንዳቸው እንደሚሰበሩ ይገምቱ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እርሾ ሲባል ሌላውን ሥራ ሁሉ የሚያጉላላ መሣሪያ መግዛት ተገቢ አይደለም።

3. መጠኑን አስልተው ይድረሱበት

ስለ መጠን ሲጠየቅ ብዙው ሰው በግምት ይመልሳል፤ ሆኖም ቀላል ስሌት አለው። አንድ ሊትር የተለመደ የኢ ኮላይ እርባታ ከ2 እስከ 5 ግራም የሚመዝን እርጥብ ሕዋስ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ግራም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ባፈር ቢጨመር፣ በአንድ ጊዜ የሚሰበረው ከ10 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ሥራዎ በዚህ ልክ የሚቆይ ከሆነ ሶኒኬተር (በሚርገበገብ ዘንግ ሕዋስ የሚሰብር መሣሪያ) ይበቃዎታል። 10 ሊትር የሚያረቡ ከሆነ ግን የሚሰበረው ፈሳሽ ወደ ግማሽ ሊትር ይጠጋል፤ ያን ያህል ፈሳሽ እየከፋፈሉ በሶኒኬተር መስበር ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፣ የመጀመሪያው ክፍል በበረዶ ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ሲጠብቅ ይበላሻል። በሌላ በኩል 48 ትንንሽ ናሙናዎችን በአንድ ቀን መጨረስ ያለበት ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው ብዙ ቱቦ በአንድ ጊዜ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ብዛትና መጠን የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ።

4. የመሣሪያዎቹን ወገኖች ከሥራዎ ጋር ያመሳክሩ

ሶኒኬተር። በአብዛኛው በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ የቲታኒየም ዘንግ ያለው መሣሪያ ነው። ዘንጉ በፈሳሹ ውስጥ ሲርገበገብ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና ወዲያው ይደረመሳሉ፤ ሕዋሱን የሚሰብረው የዚህ መደርመስ ግፊትና የፈሳሹ መቆራረጥ ነው። ለኢ ኮላይ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለእርሾ ግን ደካማ ነው፤ ሻጮች ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም። የተፈጠረውን ዝልግልግ ዲኤንኤ እግረ መንገዱን መቆራረጡ ደግሞ ሌላው ጥቅሙ ነው።

ሶኒኬተር ሲመረጥ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት ብዙም አይነግርዎትም። ዋቱ የመሣሪያውን ከፍተኛ አቅም የሚገልጽ ሲሆን፣ በሥራ ጊዜ የሚወሰደው ኃይል እንደ ፈሳሹ መጠንና መወፈር ይለያያል። ወሳኙ የዘንጉ ጫፍ ስፋትና የርግብግቢቱ ስፋት (ጫፉ ወዲያና ወዲህ የሚሄድበት ርቀት) ነው። 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭን ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሊትር ለሆነ ናሙና ሲውል፣ 13 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ላለው ይሆናል። በማውቀው አንድ ቤተ ሙከራ ትልቁ ጫፍ ብቻ ያለው መሣሪያ ተገዝቶ፣ ተማሪዎች በ2 ሚሊ ሊትር ቱቦ ያለ ናሙና ሊሰብሩ ሲሞክሩ ፈሳሹ ወደ አረፋነት ተለውጦ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ በዚያው ጠፋ። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፎች በአንድ ግዥ ያካትቱ፣ ለቀጭኑም መጠባበቂያ ይጨምሩ፣ ምክንያቱም ቶሎ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው።

ሌሎች መጠየቅ ያለባቸው ነገሮችም አሉ፤ ሥራና ዕረፍት እያፈራረቀ የሚያሠራ ሰዓት ቆጣሪ አለው? ድምፅ የሚያፍን ሣጥንስ? የዘንጉ ርግብግብታ ከጆሮ የመስማት ወሰን ጫፍ ላይ ቢሆንም የአረፋዎቹ መደርመስና የብልቃጡ መንቀጥቀጥ የሚፈጥሩት ጩኸት ጆሮን ይጎዳልና፣ ሣጥኑና የጆሮ መከላከያው በትርፍ ዕቃ ተራ መቆጠር የለባቸውም።

የዶቃ መፍጫ። ናሙናው ከጥቃቅን የመስታወት፣ የዚርኮኒያ ወይም የብረት ዶቃዎች ጋር በቱቦ ይዘጋና በከፍተኛ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ለባክቴሪያ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ለእርሾና ለሻጋታ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ ለእንስሳት ሥጋና ለዕፅዋት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ዶቃ ይመረጣል። ሶኒኬተር የማይበግረውን እርሾ፣ ግራም ፖዘቲቭና ማይኮባክቴሪያ የሚሰብረው ይህ ነው፤ በርካታ ናሙናዎችን በተመሳሳይ ኃይል መስበሩም ለንጽጽር ሥራ ተመራጭ ያደርገዋል።

ዶቃው ከቱቦው ግማሽ ያህሉን ሲይዝና ለመንቀሳቀሻ የሚሆን ባዶ ቦታ ሲተው በደንብ ይሠራል። ቱቦው አፉ ድረስ ከተሞላ ዶቃው መንቀሳቀሻ ስለማያገኝ ሕዋሱ አይሰበርም። በሥራው መጨረሻ ደግሞ ከፈሳሹ ጥቂት የማይባለው በዶቃዎቹ መካከል ተይዞ ይቀራል። ለዚህ የቆየ ብልሃት አለ፤ የቱቦው ግርጌ በጋለ መርፌ ይበሳና በሌላ ቱቦ ላይ ተደርጎ በሴንትሪፉጅ በቀስታ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዶቃው ከላይ ይቀራል። መስታወቱም በአሲድ የታጠበ መሆን አለበት፣ ያልታጠበው የባፈሩን ፒኤች ከፍ ሊያደርግ ይችላልና።

በግዥው ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር፣ መሣሪያው በየትኛውም ገበያ የሚገኘውን ባለ 2 ሚሊ ሊትር ጠመዝማዛ ክዳን ቱቦ የሚቀበል እንዲሆን ነው። ከአንድ አምራች ብቻ የሚገዛ ቱቦ የሚጠይቅ ማሽን ሲገዛ ርካሽ ይመስላል፤ ቱቦው ሲያልቅ ግን የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ ድረስ ማሽኑ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

የከፍተኛ ግፊት መሣሪያዎች። የሕዋሱ ፈሳሽ በከፍተኛ ግፊት ተገፍቶ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርድና ሕዋሱ ይበጣጠሳል። ጥንታዊው ፍሬንች ፕሬስ ስሙን ያገኘው ከፈልሳፊው ከቻርልስ ስቴሲ ፍሬንች ሲሆን፣ ስያሜው ከፈረንሳይ አገር ጋር ግንኙነት የለውም። በእጅ የሚሞላ የብረት ሲሊንደር ያለው፣ በአንድ ጊዜ እስከ 35 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝና ወደ 1,400 ባር በሚጠጋ ግፊት የሚሠራ ነው። ለስስ ፕሮቲኖችና ለሽፋን ጥናት ዛሬም የሚመረጥ ቢሆንም ማኅተሞቹ (ፈሳሽ እንዳያመልጥ የሚዘጉት ቀለበቶች) ካልተለወጡ ያፈሳል፣ ሥራውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ያለማቋረጥ የሚሠራው ሆሞጀናይዘር ለበዛ ፈሳሽ የተሻለ ነው፤ ለኢ ኮላይ በ1,000 ባር አካባቢ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማሳለፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

በዚህ ወገን ከፍተኛው ግፊት ከሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ በላይ ሊታይ ይገባል። በእርሾ ላይ የተደረጉ የቆዩ ልኬቶች እንዳሳዩት፣ ፕሮቲን የመውጣቱ ፍጥነት ከግፊቱ 2.9ኛ ርቢ ጋር ይሄዳል፤ ርቢው እንደ ሕዋሱና እንደ ማሽኑ ቢለያይም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ ወደ ሰባት እጥፍ ከፍ ይላል። ስለዚህ በግማሽ ዋጋ የቀረበ ግማሽ ግፊት ያለው ማሽን የሥራውን ግማሽ አይሠራም፤ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ሰባት ጊዜ ያህል ማሳለፍ ሊያስፈልግ ይችላል። በእያንዳንዱ ዙር የሚሰበረው ከቀሪው ተመሳሳይ ድርሻ መሆኑንም ያስታውሱ፤ የመጀመሪያው ዙር 60 በመቶ ካወጣ ሁለተኛው ድምሩን ወደ 84 በመቶ ያደርሰዋል፣ ሦስተኛው ግን የሚጨምረው ከ10 በመቶ ያነሰ ነው።

የመስታወት ሆሞጀናይዘሮች። የእንስሳት ጉበት፣ አንጎል ወይም የሕዋስ እርባታ ለሚሠሩ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው የፖተርና ኤልቬየም መሣሪያ ወይም ዳውንስ የሚባለው እስከ ዛሬ ተተኪ አላገኙም። የመጀመሪያው በመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር የቴፍሎን መግፊያ አለው፤ ሁለተኛው በእጅ የሚሠራና ልል እና ጥብቅ የሆኑ ሁለት መግፊያዎች ያሉት ነው። ሚቶኮንድሪያ በ0.25 ሞላር ሱክሮዝ ውስጥ ሳይፈነዳ የሚወጣው በእነዚህ ነው። ዋጋቸው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ስለሆነ፣ የትኛውንም ማሽን ቢገዙ ሁለት ዳውንስ ከጎኑ ይግዙ።

ሙቀጫና ፈሳሽ ናይትሮጅን። የጤፍ፣ የእንሰት ወይም የሌላ ዕፅዋት ቅጠል ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ደርቆ በፖርሴሊን ሙቀጫ ሲፈጭ እንደ ዱቄት ይሆናል፣ ኢንዛይሞቹም ለመሥራት ጊዜ አያገኙም። በኢትዮጵያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብት ማዳቀያ አባላዘር ማቆያ ስለሚመረት፣ ከማዳቀያ ማዕከላት ጋር የአቅርቦት ስምምነት ማድረግ ከብዙ ማሽን ይሻላል። ናይትሮጅኑን አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ብቻ ይጠቀሙ፤ ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ ውስጥም ፈጽሞ አይዝጉት።

ያለ ማሽን የሚሠሩ ዘዴዎች። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ላይሶዛይም የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲሆን፣ ዛሬ ከዶሮ እንቁላል ነጭ በብዛት ይገኛል፤ ግራም ኔጋቲቭ ላይ ሲሆን ኢዲቲኤ እንዲያግዘው ያስፈልጋል። ትራይተን ኤክስ 100 የመሰሉ ዲተርጀንቶች (ሽፋንን የሚያሟሙ ሳሙና መሰል ኬሚካሎች)፣ በተደጋጋሚ ማቀዝቀዝና ማቅለጥም አሉ። ርካሽ ቢሆኑም የጨመሩት ነገር ከናሙናው ጋር ይቀራል፤ ላይሶዛይሙ በጄል ላይ 14 ኪሎ ዳልተን አካባቢ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ትራይተኑም በ280 ናኖ ሜትር ብርሃን ስለሚመጥ የፕሮቲን ልኬትን ያሳስታል። እኔ ላይሶዛይምን የምጠቀምበት ግድግዳውን ለማዳከም ነው፤ ለ30 ደቂቃ በበረዶ ላይ ካቆየሁት በኋላ የሶኒኬተሩ ጊዜ በእጅጉ ያጥራል።

5. ሙቀቱን በቁጥር ያስሉ

አብዛኛው ኢንዛይም በመስበሪያው ኃይል ሳይሆን አብሮት በሚመጣው ሙቀት ይሞታል። ስሌቱ ቀላል ነው። 20 ዋት ኃይል በ20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ቢገባና ምንም ሙቀት ባይወጣ፣ ፈሳሹ በ14 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ለዚህ ነው ሶኒኬተር 10 ሰከንድ ሠርቶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እንዲያርፍ የሚደረገው፤ ናሙናውም በበረዶና በውኃ ድብልቅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ውኃ የሌለበት የበረዶ ክምር ብቻውን የብልቃጡን ጎን በሚገባ አይነካም። በከፍተኛ ግፊት መሣሪያዎች ደግሞ እያንዳንዱ 100 ባር ፈሳሹን በ2.4 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ በ1,000 ባር 24 ዲግሪ ማለት ነው። ስለዚህ በ4 ዲግሪ የገባ ናሙና ወደ 28 ዲግሪ ደርሶ ይወጣል፤ መውጫው ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው ማሽን ለሁለት ዙር ሥራ አይሆንም። የዶቃ መፍጫም ከዚህ አያመልጥም፤ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ አንቀጥቅጦ ቱቦውን በበረዶ ላይ ማሳረፍና መድገም ያስፈልጋል።

ሻጩን ሲጠይቁ «ያቀዘቅዛል?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «በ4 ዲግሪ የገባ 30 ሚሊ ሊትር ናሙና ሥራው ሲያልቅ ስንት ዲግሪ ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ።

6. ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ናሙና ይሞክሩ

የዚህ መመሪያ ከባዱ እርምጃ ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያድነውም ይኸው ነው። በከተማዎ ውስጥ የታሰበው ዓይነት መሣሪያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ፈልገው በሽርክና አንድ ቀን ይጠይቁ። የዶቃ ዘዴ ለሥራዎ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ግን ማሽኑን መዋስ አያስፈልግም፤ በየቤተ ሙከራው ባለው ቮርቴክስ (ቱቦ አንቀጥቃጭ) እና በጥቂት 0.5 ሚሊ ሜትር ዶቃ መሞከር ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት የሕዋስ ዝግጅት በእኩል ይከፋፍሉ፤ ባፈሩ ውስጥ ፕሮቲን ቆራጮችን የሚያግድ መድኃኒት ይጨምሩ። ፒኤምኤስኤፍ የሚጠቀሙ ከሆነ በውኃ ውስጥ በአጭር ጊዜ ስለሚበላሽ የሚጨመረው ልክ ሥራው ሊጀመር ሲል ነው። ከዚያም በየደቂቃው ወይም በየዙሩ ትንሽ ናሙና ይውሰዱ፣ በ15,000 ጂ (የመሬት ስበት 15,000 እጥፍ) ገደማ ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ሴንትሪፉጅ ያዙሩት፣ ከላይ በቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ላይም ሁለት ነገር ይለኩ፤ አንደኛው በብራድፎርድ ዘዴ ጠቅላላው ፕሮቲን፣ ሁለተኛው የሚፈልጉት ኢንዛይም ሥራ። ከታች የቀረውን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ ይመልከቱት፤ ያልተሰበረ እርሾ በቀላሉ ይለያል።

ሁለቱን ውጤቶች በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ጠቅላላው ፕሮቲን እየጨመረ ሄዶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የኢንዛይሙ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ትክክለኛው የመቆሚያ ጊዜ የኢንዛይሙ ጫፍ ነው። ሁለት መሣሪያዎችን ሲያወዳድሩም ማወዳደር ያለብዎት የኢንዛይሙን ጫፎች ነው፤ ብዙ ፕሮቲን ያወጣው ማሽን በኢንዛይሙ ጫፍ ከተሸነፈ ተሸንፏል። ከልክ ያለፈ መስበር ሌላም ጣጣ አለው፤ የሕዋሱ ስብርባሪ እጅግ ስለሚደቅ በተለመደው ሴንትሪፉጅ አይወርድም፣ ኮለሙንም ይደፍናል።

ናሙናው ዝልግልግ ሆኖ ከወጣ ችግሩ ዲኤንኤው ነው። ጥቂት ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም) እና ማግኒዥየም ይጨምሩ፤ ነገር ግን በባፈሩ ውስጥ ኢዲቲኤ ካለ ማግኒዥየሙን ስለሚይዘው ዲኤንኤዙ አይሠራም። ኢዲቲኤ የኒኬል ኮለምንም ያራቁታልና የሂስቲዲን ጭራ የተቀጠለለትን ፕሮቲን በዚህ ኮለም የሚያጣሩ ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ይተዉት።

7. የቦታዎን ሁኔታ ከመሣሪያው ጋር ያስታርቁ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች፤ ብዙ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ግን በመመሪያቸው ላይ እስከ 2,000 ሜትር ብቻ እንደሚሠሩ ያስቀምጣሉ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ማራገቢያዎች ሞተሩን በሚገባ አያቀዘቅዙም፣ በአየር ግፊት የሚነዱ ሆሞጀናይዘሮችን የሚመግበው ኮምፕሬሰርም ከተጻፈበት ያነሰ አየር ይሰጣል። አምራቹ በእርስዎ ከፍታ ላይ መሣሪያው እንደሚሠራ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ።

ኤሌክትሪኩ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆን አለበት። ከአሜሪካ በስጦታ የሚመጡ መሣሪያዎች 110 ቮልት መሆናቸው የታወቀ ስለሆነ ከመጫናቸው በፊት ይጠየቅ። መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ ሶኒኬተሩ ቆሞ ናሙናው በበረዶ ላይ ስለሚቆይ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ግፊት ላይ ያለ ሆሞጀናይዘር ግን ግማሽ ናሙና በውስጡ ይዞ ይቆማል፣ ስለዚህ ግፊቱን በእጅ የሚለቅ ቫልቭ ያለው ይሁን። ለሁሉም ስታብላይዘር ያስፈልጋል።

ናሙናው በሽታ አምጪ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። ሶኒኬተርም ሆነ የዶቃ መፍጫ በዓይን የማይታይ ጠል ወደ አየር ይረጫሉ። ለሳንባ ነቀርሳ ናሙና የሚመረጠው በጎማ ቀለበት የሚዘጋ ቱቦ ያለው የዶቃ መፍጫ ሲሆን፣ ሥራው በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ይከናወናል፤ ቱቦውም ጠሉ እስኪሰክን ጥቂት ደቂቃ ሳይከፈት ይቆያል። መሣሪያው በካቢኔቱ ውስጥ የሚገባ መሆኑን በሜትር ለክተው ያረጋግጡ።

8. መስፈርቱን ይጻፉ

በግዥ ሰነድ ላይ «ሶኒኬተር፣ ብዛት 1» ብሎ መጻፍ ገበያው ላይ ያለውን ርካሹን መጠየቅ ነው። እስካሁን የሰበሰቧቸውን መልሶች ወደ ዐረፍተ ነገር ይለውጡ፤ ለምሳሌ፦ «መሣሪያው ከ1 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የኢ ኮላይ ናሙና የሚሰብር፣ ባለ 3 እና ባለ 13 ሚሊ ሜትር የቲታኒየም ጫፍ ያለው፣ የሥራና የዕረፍት ሰከንድ የሚቆጣጠር፣ የናሙና ሙቀት ገደብ ሲያልፍ ራሱን የሚያቆም፣ ከድምፅ ማፈኛ ሣጥን ጋር የሚቀርብ፣ በ220 ቮልትና በ2,400 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ይሁን።» በዚህ ላይ የሁለት ዓመት መለዋወጫ በዝርዝር፣ በቦታው ተከላና ሥልጠና፣ አገር ውስጥ ጥገና የሚሰጥ ባለሙያ መኖሩን ይጨምሩ። አቅራቢው መሣሪያውን ሲያስረክብ የእርስዎን ናሙና ሰብሮ እንዲያሳይ የሚያስገድድ አንቀጽም ያስገቡ፤ ይህ አንቀጽ ብቻውን ብዙ ደካማ አቅራቢዎችን ከመጀመሪያው ያስወጣል።

አንድ መሣሪያ ብቻ የሚገዛበት ገንዘብ ያለው፣ በዋናነት በኢ ኮላይ የሚሠራ ቤተ ሙከራ ቢጠይቀኝ፣ ሁለት ጫፍ ያለው ሶኒኬተርና ሁለት ዳውንስ እላለሁ። ሥራው እርሾ፣ ሻጋታ ወይም ማይኮባክቴሪያ ከሆነ ያለማመንታት የዶቃ መፍጫ ነው። የከፍተኛ ግፊት ማሽንን የምመክረው በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ለሚሰብርና ማኅተም የሚቀይር ባለሙያ ላለው ብቻ ነው።

9. መሣሪያው ሲደርስ መነሻውን ይመዝግቡ

በመጀመሪያው ሳምንት የዳቦ እርሾ በታወቀ መጠን በባፈር በጥብጠው፣ ወይም የራስዎን ኢ ኮላይ ወስደው፣ በ6ኛው እርምጃ የተገለጸውን ግራፍ ይሥሩና ከመሣሪያው ጎን ባለው መዝገብ ላይ ይለጥፉት። ጫፉ፣ መጠኑ፣ የርግብግቢቱ ስፋት ወይም ግፊቱ፣ መነሻና መድረሻ ሙቀቱ አብረው ይጻፉ። በየስድስት ወሩ ያንኑ ሙከራ በዚያው ሁኔታ ይድገሙ። ግራፉ ጠፍጣፋ ለመሆን የሚወስደው ጊዜ እየረዘመ ከመጣ፣ የሶኒኬተሩ ጫፍ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላልና ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት፤ ፊቱ ላይ ጉድጓዶች ከታዩ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለስለስ፣ ጉድጓዱ ከጠለቀ ግን ይለወጥ። በዶቃ መፍጫ ከሆነ የተሰባበሩት ዶቃዎች ይጣሉ፤ በግፊት ማሽን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈተሸው ቫልቩና ማኅተሙ ነው።